አምስት መቶው ሲታጠብ

ጳጉሜን ሲገባ እኛ ቤት ዕረፍት የሚያገኝ ዕቃ የለም። መጋረጃው ይወርዳል፣ ምንጣፉ አጥር ላይ ተሰቅሎ ይደበደባል፣ ዓመቱን ሙሉ ማንም ዞር ብሎ ያላየው የብፌው ጀርባ እንኳ ተጎትቶ ወጥቶ ይመረመራል። እኔ በእነዚያ አምስት ቀናት አንድ ቦታ ረግቼ አልቀመጥም። ረግቶ የተገኘ ሁሉ ይታጠባልና።

ዘንድሮ ተራው የአባቴ የሚዛን ድንጋዮች ሆነ።

ድንጋይ የምንላቸው በልማድ ነው እንጂ ናስ ናቸው። ስድስት ናቸው፤ ባለ ኪሎው፣ አምስት መቶው፣ ሁለት መቶው፣ መቶው፣ ሃምሳውና ሃያው። ሁሉም ወፈር ያለ ገላ፣ ቀጠን ያለ አንገትና ድብልብል ራስ አላቸው። በልካቸው በተቦረቦረ ጣውላ ላይ በቁመት ተደርድረው ሲታዩ ፎቶ ቤት ገብቶ “ወደዚህ እዩ” የተባለ ቤተሰብ ይመስላሉ። አባቴ ሰፈራችን ውስጥ በነበረችው ሱቁ ሠላሳ ዓመት ስኳርና ቡና፣ ቅርንፉድና ኮረሪማ መዝኖባቸዋል። ሱቋ ተዘጋች፣ እሱም አረፈ። ከሚዛኑ አንዱ ሳህን ለብዙ ጊዜ የዶሮ ውኃ መጠጫ ሆኖ አገለገለና ጠፋ፤ ሌላው የት እንደ ገባ የሚያውቅ የለም። ድንጋዮቹ ብቻ ብፌው ላይ፣ ከሰርጋችን ፎቶ አጠገብ፣ ቀሩ።

መልካቸው ያረረ ሽሮ ነበር። አንገታቸው ሥር ደግሞ አረንጓዴ ነገር አውጥተዋል።

አባቴ በሕይወቱ አንድ ቀን አጥቧቸው አያውቅም። ባንኮኒው ጠዋት ማታ ይወለወላል፣ የስኳሩ ማንኪያ ያበራል፣ ድንጋዮቹን ግን በደረቅ ጨርቅ አበስ አድርጎ ያልፋቸዋል። ልጅ ሳለሁ አንድ ቀን በአሸዋ ልፈትጋቸው ስል ደረሰብኝና እጄን መታ አድርጎ “ሚዛን አይታሽም!” አለኝ። ለምን ብሎ መጠየቅ በዚያ ዘመን አልተለመደም። እናቴ ግን ነገሩን በአንድ ቃል ትፈታው ነበር፤ “ስንፍና።”

ጳጉሜን 1 ቀን ከቁርስ በኋላ ባለቤቴ ጣውላውን ከብፌው አንስታ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችና “እነዚህ ዘንድሮ ወይ ይታጠባሉ ወይ ለቁራሌው ይሰጣሉ” አለች። እናቴ የያዘችውን ሲኒ አስቀመጠች። የባሏ ዕቃና ቁራሌው በአንድ አፍ መነሣታቸው አልጣማትም። በመታጠቡ ግን ሁለቱም ተስማሙ። እኔንና አባቴን የጠየቀን የለም። ጠቡ የተነሣው በምን ይታጠቡ በሚለው ነው።

በእኛ አገር ራሴን አመመኝ ያለ ሰው መድኃኒት ሳይታዘዝለት ከታክሲ አይወርድም። ናስ ጠቆረብኝ ያለውም ዕጣው ያው ነው።

“አመድና ሎሚ ነዋ!” አለች እናቴ።

“ኮምጣጤ፣ ጨውና ዱቄት እኩል እኩል ተለውሶ ይቀባል፤ አንድ ሰዓት ይቆይና ይታጠባል” አለች ባለቤቴ፣ ስልኳን እያየች።

“የምን ዱቄት?”

“የፉርኖ ዱቄት፣ እማማ።”

“በዚህ ኑሮ? ለብረት?” እናቴ ወደ እኔ ዞረች፤ ያገባሁትን ሰው በደንብ አይቼ እንደሆነ በዓይኗ ጠየቀችኝ።

ዘጠኝ ዓመቱ የሆነው ልጄ ኮካ ውስጥ መንከር ነው አለ። የቀረውን ማን እንደሚጠጣው አስቀድሞ ያሰበበት ይመስለኛል። እኔም ዝም ብዬ እንዳልታይ “ኮልጌት” አልሁ። ኮልጌት ስል የጥርስ ሳሙና ማለቴ ነው፤ የትኛውም ፋብሪካ ይሥራው፣ እኛ ዘንድ ስሙ ኮልጌት ነው። በዚህ መሐል ከአጥሩ ወዲያ ያሉት ጎረቤታችን ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉና “ብራሶ” አሉ፤ በቆርቆሮ የሚሸጠውን የናስ መወልወያ ማለታቸው ነው። እሳቸው ሲሉት የታቦት ስም ይመስላል።

ጋሼ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በሠራዊቱ ማርሽ ባንድ ጥሩምባ ይነፉ ነበር። ስለ ናስ ከተነሣ ንግግራቸው የሚጀምረው ከአርባ ልጆች ነው። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም ሲሄዱ ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች ጥሩምባ ሲነፉ ሰምተው አርባውን ይዘው መጡ። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበር፤ ኋላ የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር የደረሰው እሱ ነው። ይህን ሁሉ ከተናገሩ በኋላ ጋሼ ጣታቸውን ቀስረው “እንግዲህ አርባ ልጅ ጥሩምባውን በሎሚ ሲያሽ የሚኖር ይመስልሃል?” አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ገቡና ብራሷቸውን ይዘው መጡ። ቆርቆሮዋን ሲወዘውዟት ኳ ኳ የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ፈሳሹ ደርቆ ድንጋይ ከሆነ ዘመን አልፎታል።

ሆኖም ጋሼ ባዶ እጃቸውን አልመጡም። ከተበላሸ ራዲዮ ድምፅ ማጉያ ላይ የነቀሉትን ማግኔት ይዘው ነበር። ድንጋዮቹን አንድ በአንድ ነኩበት። አልሳበም። “ደግ፣ እውነተኛ ናስ ነው” አሉ። ቁራሌውም ሆነ ምናለሽ ተራ ያለው ብረት ገዢ መጀመሪያ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ማግኔቱ ከያዘ ከላይ ቢጫ የተለበጠ ብረት ነውና እሱን ማሸት ትርፉ ቢጫውን ልጦ ብረቱን ማውጣት ነው።

ስለ ስሙ አንድ ነገር ልበልና ልለፍ። ነሐስ፣ ናስና መዳብ ልዩነታቸው ምንድን ነው ተብሎ የተጠየቀ ሰው፣ መምህርም ቢሆን፣ መጀመሪያ ጉሮሮውን ይጠርጋል። በአፋችን ሦስቱን እያቀያየርን እንጠራቸዋለን። እኔ እዚህ ናስ የምለው መዳብና ዚንክ ቀልጠው የተዋሐዱበትን ቢጫውን ነው። ዚንክ ማለት የጣሪያችንን ቆርቆሮ ከዝገት የሚጠብቀው ነው። በ1969 ዓ.ም. የወጡት አምስትና አሥር ሳንቲሞች ናስ ነበሩ። የጥይት ቀለህም ናስ ነው፤ ከመቶው ሰባው እጅ መዳብ፣ ሠላሳው ዚንክ።

የሚጠቁረው መዳቡ ነው። ከአየሩ ኦክስጅን፣ ከሰው እጅ ላብ፣ ከሽንኩርትና ከጭስ ድኝ ጋር እየተዋሐደ ቆዳ ያወጣል። ብረት ሲዝግ ሥጋው እየተበላ ነው፤ ናስ ሲጠቁር ግን ጋቢ ደረበ ማለት ነው። ያችን ጋቢ የሚያወልቀው ደግሞ ኮምጣጣ ነገር ነው፤ ጨው ሲጨመርበት ሥራው ይፈጥናል። ሎሚውም፣ ኮምጣጤውም፣ ኮካው ውስጥ ያለው ፎስፎሪክ አሲድም የሚሠሩት አንድ ሥራ ነው። አማትና ምራት ቡናው እስኪቀዘቅዝ የተሟገቱት ስለ አንድ ነገር ነበር ማለት ነው። ይህን ላስረዳቸው ሞክሬ ሁለቱም አንድ ላይ ተቆጡኝ፤ የዚያን ዕለት የተስማሙበት ሁለተኛው ጉዳይ ይኸው ሆነ።

ስለዚህ ድንጋዮቹን ተከፋፈልናቸው። ኪሎውን እናቴ፣ ሁለት መቶውን ባለቤቴ፣ መቶውን ጋሼ፣ ሃምሳውን እኔ ወሰድን። ልጄ “ትልቅ ስጡኝ” ብሎ አለቀሰና አምስት መቶውን አገኘ። ሃያው ባለቤት አልነበረውምና ባለቤቴ የተረፋትን ኮምጣጤ ጣሳ ውስጥ አድርጋ እዚያ ጣለችው።

እናቴ ሥራዋን ታውቃለች። ሎሚውን ለሁለት ከፈለች፣ ፊቱን ጨው አስነካች፣ ኪሎውን ከአናቱ እስከ ግርጌው እንደ ሕፃን ገላ አሸችው። ጥቁሩ በእጇ ላይ ቀለጠ። ከዚያ የተነፋ አመድ በእርጥብ ጨርቅ እያነሣች ፈተገችው። እኔ ቸኩዬ ሎሚውንና አመዱን አንድ ላይ ለማዋሐድ ሞክሬ ነበር፤ ፍሽሽ ብሎ አረፋ ደፈቀና ጉልበቱን ጨረሰ። አመድ የሎሚ ጠላት ነው፤ አንዱ አሲድ ሌላው ተቃራኒው ስለሆኑ አንድ ዕቃ ውስጥ ሲገናኙ ተጣልተው ሁለቱም ይከስራሉ። በየተራ ሲመጡ ግን ሎሚው ያላላዋል፣ አመዱ ይጠርገዋል። እናቴ ይህን ያለ ኬሚስትሪ ታውቀዋለች። “ቆይ አልሁህ፣ ተራ ጠብቅ” ነው ያለችኝ።

የባለቤቴ ሊጥ መሰል ነገርም፣ ዱቄቱ ያሳዝናል እንጂ፣ ሠራ። ዱቄቱ የሚያጸዳው ነገር የለም። ኮምጣጤው እንዳይወርድ ይዞ ማቆየት ነው ሥራው፤ እንደ ገንፎ ተለጥፎ ይቀመጣል። ኮልጌቱ ግን አዋረደኝ። እንደ ደቃቅ አሸዋ ስለሆነ የተወለወለ ነገር ላይ ይሠራል፤ የሠላሳ ዓመት ጥላሸት ላይ ግን የናናን ሽታ ከመተው በቀር ያደረገው ነገር የለም። ሃምሳው ጥቁር እንደሆነ አፉ ብቻ ጥሩ ሸተተ።

ጋሼ ብራሷቸው ከከዳቸው በኋላ መስታወት ማጽጃ ይምጣልኝ አሉ፤ አሞኒያ ያለበትን። እዚህ ላይ እምቢ አልሁ፤ ስለ ቀለህ ያነበብሁት ነገር ነበረኝ። እንግሊዞች ህንድ ውስጥ ክረምት ሲገባ ጥይታቸውን ከፈረሶች ጋጣ አጠገብ ያከማቹ ነበር። ዝናቡ ሲያባራ ቀለሆቹ አንገታቸው ላይ ተሰነጣጥቀው ይገኛሉ። ማንም አልነካቸውም። የኋላ ኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1921 በታተመ ጥናት፣ ጥፋተኛው ታወቀ፤ ከፈረስ ሽንት የሚነሣው አሞኒያ ነበር። ናስ ሲቀጠቀጥ በውስጡ የቀረ ውጥረት ካለበት አሞኒያ ሲሸተው ይሰነጠቃል። ጋሼ ታሪኩን በጥሞና ሰሙና “የፈረስ ሽንት ይኸን ያህል ኃይል ካለው ያጸዳል ማለት ነው” አሉ። ለመቶው ሎሚ ሰጥቼ አሰናበትኋቸው።

ልጄ አምስት መቶውን በጆግ ኮካ ውስጥ ነክሮ አሳደረው። ኮካ ስሙ እንደሚያስፈራው አይደለም። ጠዋት ሲወጣ ከጥቁር ወደ ቡኒ ተሻሽሏል፣ ከዚያ አላለፈም። ልጄ ተናደደና ቀኑን ሙሉ ግቢው ጥግ ተቀምጦ በጥርስ ብሩሽ፣ በአሸዋና በሌላም በምንም ሲፈትገው ዋለ። የማን ጥርስ ብሩሽ እንደሆነ ያወቅሁት ማታ ነው።

በሁለተኛው ሌሊት ደግሞ ያልታሰበ ነገር ሆነ። እናቴ ኪሎውን አንድ ጎኑ እንቢ ስላላት ለነገ ብላ አሳድራው ነበር። ባለቤቴ የእንጀራውን ሊጥ ስትከድን ክዳኑ አልገጥም አላትና አጠገቧ ያገኘችውን ከባድ ነገር ጫነችበት፤ ኪሎውን። ሊጡ ሌሊቱን ኩፍ አለ፣ ክዳኑን ገፋ፣ ወጥቶ ኪሎውን እስከ ወገቡ አቀፈው። ጠዋት ስናነሣው ሊጡ የነካው እንደ አዲስ ቀለበት ያበራል፤ በላይኛው በኩል እንቢ ያለው ጎን እንዳለ ነው። ሁለት ሦስት ቀን የኮመጠጠ የጤፍ ሊጥ ናስ የሚያጸዳ አሲድ እንዳለው ያን ጊዜ አየን። እናቴ በልጅ ልጇ ኮካ የሳቀችውን ያህል አልሳቀችም፤ ምክንያቱም ያ ሁሉ ሊጥ ተደፋ። ናስ የነካው ኮምጣጣ መዳብ ይሟሟበታልና አይበላም። እናቴ ሲደፋ ማየት አልቻለችም፤ ፊቷን አዞረች። ዱቄቱን በማንኪያ የቆጠረችባት ምራቷም ምንም አላለችም። ያ ዝምታ ከንግግር ይከብድ ነበር።

ጳጉሜን 3 የሩፋኤል ዕለት ዝናቡ አላሳፈረንም። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ራቁቱን ወጥቶ ሲጨፍር እናቴ ድንጋዮቹን በወንፊት አድርጋ ደጅ አወጣቻቸው። “ይጠመቁ” አለች። እሷ ስለ በረከቱ ነው። እኔ ደግሞ በልቤ፣ የዝናብ ውኃ ኖራ ስለሌለበት ሲደርቅ ነጭ ነጠብጣብ አይተውም፣ የቀረውንም አሲድ አጥቦ ይወስዳል እያልሁ ነበር፤ ጨውና ኮምጣጤ ሳይታጠብ ከቀረ ናሱ በሳምንቱ አረንጓዴ ለብሶ ይመለሳልና። አፌን ግን ዘጋሁ። ከዚያ በጨርቅ ተደርቀው፣ እናቴ ከቤተ ክርስቲያን የተረፋትን ጧፍ ቁራጭ በእጇ አሙቃ ስስ አድርጋ ቀባቻቸው። ሰም አየሩን ስለሚያግድ መጥቆሩን ያዘገየዋል።

ያን ጊዜ ነው ጣሳ ውስጥ የተረሳው ሃያው ትዝ ያለን። ሁለት ቀን ኮምጣጤ ውስጥ የኖረው ሃያው እንደ ወንድሞቹ ቢጫ ሳይሆን ሐምራዊ ቀይ፣ ጉንጯን የተመታች ሙሽራ መስሎ ወጣ። አሲዱ ከላይኛው ገጹ ዚንኩን ነጥቆ መዳቡን ብቻ ትቶለታል። ከእሱ ጋር አብሮ አንድ ሚስማር ከጣሳው ወጣ፤ ከጫፉ እስከ ራሱ መዳብ ለብሶ። ልጄ “ሚስማሬ ወርቅ ሆነ!” ብሎ ዘለለ። ኮምጣጤው ውስጥ የሟሟ መዳብ ብረት ሲያገኝ ይለብሰዋል። እኔ ይህን ሳስረዳ ሚስማሩ እዚያ ለምን እንደገባ ሳልጠይቅ ቀረሁ። መጠየቅ ነበረብኝ።

ይህን የሚያነብ ሰው ተነሥቶ የአያቶቹን የጥንት መስቀል ወይም ከመሬት የወጣ የአክሱም ሳንቲም በሎሚ እንዳያሽ አደራ እላለሁ። ከአክሱም የመዳብ ሳንቲሞች አንዳንዶቹ በንጉሡ ራስ ዙሪያ ወይም መስቀሉ ላይ ስስ የወርቅ ልብጥ አላቸው፤ ብሩሽ የዕድሜውን ጥቁር ሲያነሣ ወርቁንም ይዞ ሊሄድ ይችላል። የእኛዎቹ የሱቅ ድንጋዮች ናቸው፤ ምን ይሆናሉ ብለን ነው። እንዲያም ሆኖ መዘዝ አላጣንም።

በበዓሉ ዋዜማ ድንጋዮቹ ወደ ብፌው ተመለሱ። ቤቱ በራ። የኛ ሃምሳ ናና የሚሸት ቢሆንም፣ ሃያውም ቢቀላ፣ ከሩቅ ሲታዩ የታቦት ዕቃ ይመስላሉ። ባለቤቴ ለዳቦው ዱቄት ልትመዝን ባለ ባትሪዋን የኬክ ሚዛን አውጥታ ነበርና ለጨዋታ ያህል አምስት መቶውን አንሥታ ጫነችው።

ቁጥሩ 489 አለ።

አወረደችው፣ ሚዛኑን ዜሮ አደረገች፣ እንደገና ጫነችው። 489። ሌሎቹን ሞከረች፤ ኪሎው ኪሎ ነው፣ ሁለት መቶው ሁለት መቶ፣ መቶው መቶ፣ ናና የሚሸተው ሃምሳ እንኳ ሃምሳ ነው። አምስት መቶው ብቻ አሥራ አንድ ግራም ጎደለ።

ማንም ምንም አላለም። እኔ መጥፎ ልማድ አለብኝ፤ ስደነግጥ ሒሳብ እሠራለሁ። አባቴ በቀን ሃያ ግማሽ ኪሎ ስኳር ሸጠ ብንል፣ በቀን 220 ግራም። በዓመት 300 የሥራ ቀን፣ 66 ኪሎ። በሠላሳ ዓመት…

“አሥራ ዘጠኝ ኩንታል ከሰማንያ ኪሎ” አልሁ፣ ጮክ ብዬ።

“ምኑ?” አለች እናቴ።

“ስኳሩ።”

“አባትህ ሌባ ነው እያልከኝ ነው?”

“ኧረ እማዬ! እያሰላሁ ነው።”

“አሥራ ዘጠኝ ኩንታል!” እናቴ ነጠላዋን አጣፋች። “በእሱ ስኳር ተዝካር የደገሰ ሁሉ መርቆት ነው የሄደው። እናንተ ናችሁ! ሦስት ቀን ሙሉ በኮካ ስትልጡት፣ በአሸዋ ስትፍቁት፣ ሟሙቶ ነው!”

ይህን ሳስብ “ሚዛን አይታሽም” የተባለው ገባኝ። ስንፍና አልነበረም። እሽታ ሁሉ ትንሽ ይዞ ይሄዳል፤ የጎደለ ድንጋይ ደግሞ ነጋዴውን ይጠቅማል፣ ገዢውን ይጎዳል። የቆሸሸ ድንጋይ በአንጻሩ ቆሻሻውንም ጨምሮ ስለሚመዝን ትርፉ ለገዢው ነው። ድሮም ቢሆን ሰው ይህን ያውቅ ነበር፤ ጠገራ ብር በሚመነዘርበት ዘመን አንድ ብር 28 ግራም ያህል፣ አንድ ወቄት፣ ስለሚመዝን ብሩ ራሱ የሚዛን ድንጋይ ነበር። ብሩ ላይ የተቀረጸችው ንግሥት ጌጥ ላይ ያሉት ፍሬዎች ተፍቀው የጠፉበትን ብር ነጋዴው አልቀበልም ብሎ ይመልሰው ነበር።

እናቴን ለማጽናናት ብዬ ወረቀት አወጣሁ። ናስ በአንድ ኩብ ሴንቲ ሜትር 8.5 ግራም ያህል ይመዝናል። የአምስት መቶው ገላ ዙሪያውን ቢለካ 90 ካሬ ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው። አሥራ አንድ ግራም ከዚህ ላይ ለመፋቅ ዙሪያውን በሙሉ ወደ 0.14 ሚሊ ሜትር መላጥ አለበት፤ ከደብተር ወረቀት ይወፍራል። ይህን ያህል ቢላጥ አናቱ ላይ የተጻፈው ቁጥር በጠፋ ነበር። ቁጥሩ ግን ቁልጭ ብሎ ይነበባል። እንግዲህ ኮካውም አሸዋውም ነፃ ናቸው።

ወረቀቱን በኩራት አነበብሁላት። ምን እንዳደረግሁ የገባኝ ፊቷን ሳይ ነው። ኮካው ነፃ ሲወጣ ተከሳሹ አባቴ ብቻ ሆኖ ቀረ።

ያዳነን ጋሼ ናቸው። ለእንኳን አደረሳችሁ ብቅ ብለው ዝምታው ሲከብዳቸው አምስት መቶውን አንሥተው፣ እንደ ጥሩምባ፣ ገልብጠው ቂጡን አዩት። “ይኼ ቀዳዳ ምንድን ነው?” አሉ። ኪሎውን ገለበጥን፤ እዚያው ቦታ ላይ ቀዳዳ ሳይሆን ግራጫ ነገር ሞልቶበት፣ በላዩ ላይ ማኅተም ተመትቶበታል። ሁለት መቶውም እንደዚያው። አምስት መቶው ብቻ ባዶ ነው፤ ንጹሕ፣ የተፈተገ፣ ባዶ።

የሚዛን ድንጋይ ሠሪ ሆን ብሎ ቀለል አድርጎ ያወጣዋል፤ ከዚያ ግርጌው ላይ በተተወው ቀዳዳ ክብደቱ ልክ እስኪሆን እርሳስ ይሞላበታል፣ መርማሪው ደግሞ ማንም እንዳይነካው ማኅተሙን እርሳሱ ላይ ይመታል። ሐቁ ያለው እዚያች ግራጫ ነገር ውስጥ ነው።

“ሚስማሩ” አልሁ።

ልጄ ደረቱን ነፋ። “ሥሩ ያለውን ቆሻሻ እኔ ነኝ ያወጣሁት! ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። እናንተ የናንተን ሥር አላጸዳችሁም።”

ሦስት ቀን ሙሉ በሎሚ፣ በዱቄት፣ በሊጥና በኮካ ስንንገላታ ከሁላችን ይልቅ በትጋት የሠራው ይህ ልጅ ነው። እርሳሱ በኮካ እንጂ በኮምጣጤ አለመነከሩ ደግ ሆነ፤ ኮምጣጤ እርሳስን ቀስ በቀስ ያሟሟዋል፣ የሚወጣውም መርዝ ነው። እጁን ሁለት ጊዜ በሳሙና አስታጠብሁትና “ቆሻሻው” የት እንደገባ ጠየቅሁት።

የጋሼ የልጅ ልጅ ጋ ነበር። ሰባት ዓመቷ ነው። ለሰኞ ማክሰኞ ጠፍጣፋ ድንጋይ ስትፈልግ ልጄ ሰጥቷታል፤ ቀጥቅጣ አሳጥታዋለች። ስትወረውረው እንደ ሸክላ ስባሪ አይንሸራተትም፣ እንደ ቆርኪ አይነጥርም፣ ያለችው ሣጥን ውስጥ ጠብ ብሎ ይቀራል። ሰፈሩን በሙሉ አሸንፋለች። ልትመልስ አልፈለገችም። አያቷ ቢቆጧት አለቀሰች። መርዝ ነው ብላት “አልበላሁትም” አለችኝ። ሃምሳ ብር ሰጠኋት፤ አየችውና መለሰችልኝ።

“ምን ልስጥሽ ታዲያ?”

ልጄ ኪስ ውስጥ ያለውን ሚስማር በጣቷ አሳየች። “የወርቁን።”

ልጄ ተጨነቀ፣ ወዲያ ወዲህ አለ፣ በመጨረሻ ሰጣት። ጫፉን እሷ እጅ ከመግባቱ በፊት ድንጋይ ላይ አጠፍሁት። በዚህ ዓለም ስንት ጠቢብ እርሳስን ወርቅ አደርጋለሁ ብሎ ዕድሜውን ጨርሷል፤ እኔ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ወርቅ ከፍዬ እርሳስ ይዤ ገባሁ።

ቤት ውስጥ ሁሉም ይጠብቃሉ። እናቴ ከመቀመጫዋ አልተነሣችም፣ ዓይኗ ግን ሚዛኑ ላይ ነው። ባለቤቴ አምስት መቶውን ጫነች። 489። እኔ ከጎኑ የተቀጠቀጠችውን፣ ጭቃ የያዘችውን፣ የሰኞ ማክሰኞዋን እርሳስ አስቀመጥሁ። ቁጥሩ ወጣ ገባ አለና ቆመ።

502።

“ሁለት ግራም በለጠ” አለች ባለቤቴ። “ጭቃው ነው።” ጎንበስ ብላ በጥፍሯ ልታነሣው ስትል እናቴ እጇን ያዘቻት።

“ተይው ልጄ” አለች። “ምርቃቱ ነው።”